ስለ ዳቦ ጋጋሪዪቱ ልጅና ስለ ነገር ምርመራ

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የሚኖር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ የሚውለው የሰውን ልጅ ጠብና በደል ነው። አንዱ ወንድሙን መታ፤ አንዱ የባልንጀራውን ድንበር ገፋ፤ ሌላውም ያየውን አላየሁም ብሎ በሐሰት ማለ። እኛም ይህን ሁሉ ከተናጋሪው አፍ ተቀብለን፣ ሳንጨምርበትና ሳናጐድልበት በመዝገብ እናገባዋለን። እንዲህ ያለው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ እራቱን ከበላ በኋላ፣ ዳግመኛ ስለ ነፍስ ግድያ የሚናገር መጽሐፍ ገልጦ ሲቀመጥ ቢታይ፣ ቤተ ሰቡ ቢደነቅ የሚገባ ነው። ባለቤታችንም «የቀኑ አልበቃ ብሎዎት ነውን?» ስትል ጠይቃናለች።

ጥያቄዋ በምክንያት የሆነ ስለ ሆነ መልሱን አስበንበት ሰነበትን። ያገኘነውንም መልስ ለብቻችን ይዘን ከምንቀመጥ፣ ልጆች ለሚያሳድጉና ሠራተኛ ለሚያሳድሩ ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን፣ በዚህ ገጽ ለተወደዱ አንባቢዎች ልናቀርበው ወደድን። ስለ ውጭ አገር መጻሕፍት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ የሚጻፈው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ታሪክ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ደሙንና ጭካኔውን በሰፊው እየገለጠ አንባቢውን የሚያስጨንቅ ነው። ሁለተኛው ግን ለዘብ ያለ፣ ሳቅና ጨዋታ ያልተለየው ነው። በዚህ በሁለተኛው፣ ግድያው ከመጋረጃ በስተኋላ ይፈጸማል፤ ቦታው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅበት ትንሽ መንደር ነው፤ መርማሪውም የመንግሥት ሹም ሳይሆን፣ አንዲት ባልቴት ወይም አንዲት ምግብ አብሳይ ትሆናለች። የእንግሊዟ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1930 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ ያቀረበቻት ሚስ ማርፕል የምትባለው አሮጊት፣ ሹራብ እየሠራችና አትክልቷን እየኰተኰተች የጐረቤቶቿን ጠባይ ስለምታውቅ ብቻ ፖሊሶች የሳቱትን ታገኛለች። ከዚያም ወዲህ በአሜሪካ እንደ ዳያን ሞት ዴቪድሰን በ1990፣ እንደ ጆአን ፍሉክም በ2000 ዓ.ም. ያሉት ደራስያን፣ መርማሪዪቱን የድግስ አዘጋጅ ወይም የብስኩት ጋጋሪ አድርገው ከታሪኩ ጋራ የምግቡን አሠራር ጭምር ጻፉ። አንባቢውም ነፍሰ ገዳዩንና የብስኩቱን አሠራር ባንድነት ያገኛል።

እኛ ልንናገርለት ያሰብነው መጽሐፍ ግን በዚህ ላይ አስማት የተጨመረበት ነው። ደራሲዪቱ ኡርሱላ ቨርነን የምትባል አሜሪካዊት ስትሆን፣ ይህን መጽሐፍ ቲ. ኪንግፊሸር በሚል የብዕር ስም በ2020 ዓ.ም. አወጣችው። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «በዳቦ ጋገራ ራስን ስለ መከላከል የአስማተኛ መምሪያ» እንደ ማለት ነው። በ2021 ዓ.ም. ለወጣቶች ለሚጻፉ የምናብ ታሪኮች የሚሰጡትን የሎድስታርንና የአንድሬ ኖርተንን ሽልማቶች አግኝቷል። መጽሐፉን በውጭ አገር የሚኖር የእኅታችን ልጅ ላከልን። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ባገኘናት እንግሊዝኛ፣ ማታ ማታ ከእራት በኋላ አንድ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለስን ለቤተ ሰባችን አነበብንላቸው።

የታሪኩ መነሻ እንዲህ ነው። ሞና የምትባል የ14 ዓመት ልጅ በአክስቷ በታቢታ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ገና ሳይነጋ ምድጃ ልታነድድ ስትገባ፣ አንዲት ልጅ በዳቦ ቤቱ ወለል ላይ ሞታ ወድቃ ታገኛለች። ሞና ጥቂት አስማት አላት፤ ነገር ግን አስማቷ በሊጥና በዳቦ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ሊጡ ቶሎ እንዲነሣ፣ ዳቦው እንዳያርር፣ ሰው አምሳል ሆኖ የተጋገረው የዝንጅብል ብስኩትም በገበታ ላይ እንዲጨፍር ማድረግ ትችላለች። መብረቅ መጥራት ወይም ወርቅ ማፍለቅ አይሆንላትም። ሬሳውን ያገኘች እርሷ ስለ ሆነች፣ ደግሞም አስማት እንዳላት ስለ ታወቀ፣ ኦቤሮን የሚባለው መርማሪ ሹም ወዲያው ገዳይዋ አንቺ ነሽ ብሎ ወደ አገሪቱ ገዢ ወደ ልዕልቲቱ ፊት ያቀርባታል። ልዕልቲቱም ነገሩ የማይመስል መሆኑን አይታ ትለቃታለች። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ በከተማው አስማት ያላቸውን ሰዎች እየተከታተለ የሚገድል አለ። ፍጻሜውን መጽሐፉን ለሚያነብ ትተንለታል።

እዚህ ላይ ስንደርስ ታናሹ ልጃችን «አስማት ካላት ገዳዩን ለምን በአስማት አታውቀውም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሕፃን ይምሰል እንጂ፣ ይህን ዓይነት መጽሐፍ የሚጽፉት ሁሉ የተከራከሩበት ነው። በ1929 ዓ.ም. ሮናልድ ኖክስ የተባለው የእንግሊዝ የካቶሊክ ቄስ፣ እርሱም ራሱ የምርመራ ታሪክ ደራሲ ነበረ፣ ለእንደዚህ ያሉ መጻሕፍት ዐሥር ሕጎች ጽፎ ነበር። ከእነዚህም አንዱ፣ ከተፈጥሮ ኃይል በላይ የሆነ ነገር ምሥጢሩን ለመግለጥ አይግባ የሚል ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። መርማሪው በአስማት የሚያውቅ ከሆነ አንባቢው አብሮት ሊመረምር አይችልም፤ የተነገረውን ብቻ ማመን አለበት። ሞና ግን ሕጉን የጣሰች ብትመስልም አልጣሰችውም። አስማቷ ሊጥ ያነሣላታል እንጂ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አይነግራትም። ይህን ለማወቅ እንደ ማንኛውም ሰው ማየት፣ መጠየቅና ማሰብ አለባት። ስለዚህ ለልጃችን «አስማቷ እጅዋን ይረዳታል እንጂ አእምሮዋን አይተካላትም» ብለን መለስንለት።

ይህም ነገር አዲስ አይደለም። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ከሰማናቸው ታሪኮች ሁሉ በልባችን የቀረው በተረፈ ዳንኤል የሚገኘው የቤል ታሪክ ነው። የባቢሎን ሰዎች ቤል የሚባል ጣዖት ነበራቸው። በየዕለቱ ብዙ ዱቄት፣ በግና የወይን ጠጅ ያቀርቡለት ነበር፤ በማግሥቱም ማዕዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ንጉሡም «ይህን ሁሉ የሚበላ አምላክ ሕያው አይደለምን?» ብሎ ዳንኤልን ጠየቀው። ዳንኤል ግን ሳቀ። ምግቡ ከቀረበ በኋላ አመድ አስመጥቶ በቤተ ጣዖቱ ወለል ላይ አስነሰነሰ፤ በሩም ተዘግቶ በንጉሡ ማኅተም ታተመ። በማለዳ ማኅተሙ ሳይፈታ ማዕዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ንጉሡም ቤልን ሊያመሰግን ሲጀምር፣ ዳንኤል ያዘውና ወለሉን አሳየው። በአመዱ ላይ የወንዶችና የሴቶች የሕፃናትም ዱካ ታትሞ ነበር። ካህናቱ በማዕዱ ሥር በነበረ የተሰወረ መግቢያ ሌሊት እየገቡ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ይበሉት ነበርና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ተመልከት። ተአምር የተባለ ነገር አለ፤ ምግብ አለ፤ የተዘጋ በር አለ፤ መርማሪ አለ፤ ማስረጃም አለ። ከእንግሊዝ አገር ታላላቅ የምርመራ ታሪክ ደራስያን አንዷ የነበረችው ዶረቲ ሴየርስ በ1928 ዓ.ም. የዚህን ዓይነት ታሪኮች ሰብስባ ስታሳትም፣ ይህን የቤልን ታሪክና የሶስናን ታሪክ ከጥንታውያኑ ምሳሌዎች መካከል ማግባቷ በዚህ ምክንያት ነው። ዳንኤል ምሥጢሩን ያገኘው በማዕድ ቤት ከሚገኘው ነገር ሁሉ እጅግ በተናቀው በአመድ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ቤተ ሰባችንን ሁሉ እጅግ ያሳቀው ግን ቦብ ነው። ቦብ ሰው አይደለም፤ በዳቦ ቤቱ ምድር ቤት የሚኖር እርሾ ነው። ሞና በሕፃንነቷ ደንግጣ አስማቷን ስላበዛችበት ሕያው ሆነ፤ ዱቄት ካልሰጡት ይቈጣል፤ የወደደውን ሰው ያውቃል፤ ጠላቱንም አይምርም። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ «ይህማ ምን አስማት አለው? የእኛስ እርሾ ሕያው አይደለምን?» አለች። እውነትም ነው። በጤፍ ሊጥ ላይ የሚቈየው ቢጫ ውኃ፣ ላይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሕያዋን የሞሉበት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1857 ዓ.ም. የወተትን መኰምጠጥ መርምሮ፣ መፍላትና መኰምጠጥ የእነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ሥራ መሆኑን ገለጠ። እነርሱም ዱቄቱን እየተመገቡ አየር ይለቃሉ፤ አየሩም በምጣዱ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ የእንጀራውን ዐይን ያወጣዋል። የቤት እመቤት ግን ፓስተርን ሳታውቅ፣ ብርድ ሲሆን ቡሃቃውን እንደ ሕፃን ትሸፍነዋለች፤ እርሾዋ የጠፋባትም ከጐረቤት ትበደራለች።

የመጽሐፉ ጥበብ በዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። አስማቱ ከዕለት ሥራ እጅግ የራቀ ስላልሆነ፣ አንባቢው ከተረቱ ወደ ገዛ ማዕድ ቤቱ ይመለሳል። በማዕድ ቤት ያለች ሴት ብዙ ነገር ታውቃለች። ሊጡ መቼ እንደ ተቦካ፣ ወጡ ስንት ሰዓት በእሳት ላይ እንደ ቈየ፣ ማን ገብቶ ማን እንደ ወጣ፣ የትኛው ዕቃ ከቦታው እንደ ተነሣ ትለያለች። ዳኛና ፖሊስ ግን ይህን ዕውቀት እንደ ምናምንቴ ቈጥረው ሳይጠይቁ ያልፋሉ። እኛም ባገለገልንባቸው ዓመታት፣ ከታላላቆቹ ምስክሮች ይልቅ «እኔ ቡና ሳፈላ ነበር፤ ሁለተኛውን ስቀዳ ጩኸት ሰማሁ» ያለች ሴት የነገሩን ሰዓት አጥርታ ስታስይዝ በመዝገብ ጽፈናል። የቡና ጀበና ሰዓት እንደሚናገር በዚያ ጊዜ አስተውለናል።

ምግብ የፍቅር ምልክት ስለ ሆነ፣ በምግብ የሚሠራ ክፋት ከሁሉ ይከፋል። ዶረቲ ሴየርስ በ1930 ዓ.ም. ባወጣችው «ብርቱ መርዝ» በተባለው መጽሐፍ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን የእንቁላል ጥብስ ተካፍለው በልተው አንዱ ብቻ በመርዝ ይሞታል፤ አንዲት ንጽሕት ሴትም ስለ ሞቱ ተከስሳ ለስቅላት ትቀርባለች። ይህን ለአገራችን ሰው ማስረዳት አይቸግርም። ከአንድ ገበታ መብላት በእኛ ዘንድ መተማመን ነው። ጠጅ አሳላፊም ለጌታው ከማቅረቡ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሰሃን የበላ ሰው ባልንጀራውን አይጠረጥርም፤ ከጠረጠረም ሰሃኑ ተሰብሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ምርመራና አስማት የሚጠጣም ነገር በአንድነት የተገናኙበት ሥርዓት በአገራችንም ነበረ፤ እርሱም ሌባሻ ይባላል። ዕቃ የጠፋበት ሰው የሌባሻውን አለቃ ይጠራ ነበር። አለቃውም ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት የገባበት መጠጥ ያጠጣዋል። ልጁ ሲሰክር ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ እርሱም እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ገብቶ በወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ያ ሰው ምስክር ጠርቶ፣ የዋለበትንና ያደረበትን አስረድቶ ነጻ ሊወጣ አይችልም። የሰከረውን ሕፃን ማን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል? በኋላ ይህ ልማድ በመንግሥት ትእዛዝ ቀረ። ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በ20ኛው አንቀጽ፣ የተከሰሰ ሰው በማስረጃ እስኪረታ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ያዝዛል።

የመጽሐፉን አስማትና የሌባሻን አስማት የሚለያቸው እንግዲህ ይህ ነው። የሞና አስማት ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፤ የሌባሻ አስማት ግን ማሰብን ያስቀራል። ሌባሻ ከአደባባይ ቀርቷል፤ ከቤት ግን ገና አልወጣም። ዕቃ በጠፋ ጊዜ ልባችን እንደ ሰከረው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የሚወድቀው ሁልጊዜ በደካማው ሰው ደጅ ነው። ለዚህም በሰፈራችን የሆነውን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ የአንዲት ጐረቤታችን የጋብቻ ቀለበት ጠፋ። በቤቷ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ዕድሜዋ 15 ዓመት የሚሆን አንዲት ሠራተኛ ልጅ ነበረች። ማንም ቃል ሳይናገር የሁሉም ዐይን ወደ እርሷ ዞረ። ለበዓሉ የመጡ ዘመዶችም አንዱ ሣጥኗ ይፈተሽ አለ፤ አንዷ አዋቂ ቤት እንሂድና ይንገረን አለች፤ ሌላውም ፖሊስ ይጠራ አለ። ሣጥኗም ተፈተሸ፤ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላና ለእናቷ ልትልከው ያስቀመጠችው ጥቂት ብር ተገኘ። ብሩም እንደ ማስረጃ ተቈጠረባት። ልጅቱ ጓዟን ጠቅልላ በደጁ ቆማ ታለቅስ ነበር።

የ13 ዓመት ሴት ልጃችን በዚያን ጊዜ እርሾ ልትበደር ወደዚያ ቤት ሄዳ ነበርና፣ ሮጣ መጥታ ጠራችን። እኛም ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ጩኸት ሆኖ አገኘነው። ልጃችን ግን ወደ ጐረቤታችን ቀርባ፣ በትሕትና «እትዬ፣ ቀለበቱን ለመጨረሻ ጊዜ በጣትዎ ያዩት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋም «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ጥቂት ቈይታ ግን ጧት የድፎ ዳቦውን ሊጥ ስታሽ ቀለበቱ የቡሃቃውን ከንፈር መትቶ እንደ ጮኸ ትዝ አላት። ልጃችንም ያንን ይዛ «ከዚያ በኋላስ በእጅዎ ምን ነኩ?» አለች። ሊጡን ሸፍና አስቀመጠች፤ ኮባውን ጠርጋ በዘይት ቀባች፤ በመጋገሪያው አነጠፈች፤ ሊጡን ገለበጠች፤ ከዚያም እጅዋን ታጠበች። «በዚያን ሰዓት ልጅቱ የት ነበረች?» ከሰል ልትገዛ ተልካ ነበር፤ የተመለሰችውም ዳቦው እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

በዘይት በተቀባ ጣት ቀለበት እንደማይጸና ለማወቅ አስማት አያስፈልግም። ዳቦው ተቈርሶ ቢፈተሽም ቀለበቱ አልተገኘም። እንግዲህ የቀረው የኮባው ትራፊ ነበር፤ ትራፊው ግን ለበዓሉ ከታሰረው በግ ፊት ተጥሎ ነበር። በጉ ግማሹን በልቶታል። በዚያን ጊዜ ከፍርሃቱ ጋራ ሳቅ መጣ፤ አንዱ ዘመድ ዛሬውኑ እንረደው ብሎ ቢላዋ ሲፈልግ፣ ልጃችን የቀረውን ቅጠል አንድ በአንድ እያነሣች ትገልጥ ጀመረች። ቀለበቱም በታጠፈ ቅጠል ውስጥ በዘይት ተጣብቆ ተገኘ። በጉም እስከ ሌሊቱ ድረስ ዕድሜ አገኘ።

እልልታ ሆነ። ጐረቤታችን ቀለበቷን ስማ በጣቷ አደረገች፤ ልጃችንንም አመሰገነቻት። በደጁ ለቆመችው ልጅ ግን «በይ ግቢና ሽንኵርቱን ላጪ» ብቻ አለቻት። በማግሥቱ ለበዓሉ አዲስ ልብስ ገዝታ ሰጠቻት፤ ልብሱም መልካም ልብስ ነበር። ነገር ግን በሰው ሁሉ ፊት ሌባ የተባለችው ልጅ፣ በማንም ፊት ሌባ አይደለችም አልተባለችም። ልብሱን ለበሰችው፤ ክረምት ሳይገባ ግን ያንን ቤት ትታ ወደ ሌላ ቤት ሄደች።

በዚያ ሌሊት ልጃችን እንቅልፍ አልወሰዳትም። «አባባ፣ ቀለበቱ ተገኘ፤ የእርሷስ ነገር?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ይህን ያህል ዘመን በፍርድ ቤት ስንኖር፣ የነጻ መለቀቅን ነገር በዚህ ቃል የጠየቀን ሰው አልነበረም። በፍርድ ቤት ሰው ነጻ ሲወጣ ዳኛው በአደባባይ ይናገራል፤ እኛም እንጽፈዋለን፤ ግልባጭም ከፈለገ ይሰጠዋል። በቤት ውስጥ ግን መዝገብ የለም። ክሱ በስምንት ሰው ፊት በጩኸት ይነገራል፤ ነጻ መሆኑ ግን በሽንኵርት መላጥ ይታለፋል።

የሞናም ታሪክ የሚነካው በዚህ ነው። ልዕልቲቱ ከለቀቀቻት በኋላ ሰው ሁሉ ነገሩ ተፈጸመ ብሎ ያስባል፤ ልጅቱ ግን ደጁ በተንኳኳ ቍጥር ትደነግጣለች። በኋላም ከተማው በተቸገረ ጊዜ በዳቦዋ እንድትረዳው ይጠይቃታል፤ እርሷም ትረዳዋለች። ነገር ግን ታላላቆቹ ሥራቸውን በጊዜው ሠርተው ቢሆን ኖሮ በእኔ በሕፃኒቱ ላይ ይህ ሁሉ ለምን ይወድቅ ነበር ብላ በልቧ ትጠይቃለች። ደራሲዪቱ በቀልዱና በብስኩቱ መካከል ይህን ጥያቄ አስቀምጣዋለች፤ መጽሐፉም ከሳቁ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ይከበራል። ልጆቻችን ይህን ለመስማት ገና ናቸው የሚል ቢኖር፣ ከገጠር የመጣችው ልጅም ሌባ ለመባል ገና እንደ ነበረች ያስብ።

ሳቅ ያለበትን የምርመራ መጽሐፍ ማታ የምናነብበትም ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ቀን በመዝገባችን የምናየው እውነት ብዙ ጊዜ ጐደሎ ነው፤ ምስክር ይሞታል፤ ማስረጃ ይጠፋል፤ ነገሩ ሳይታወቅ ፋይሉ ይዘጋል። በእነዚህ መጻሕፍት ግን እውነቱ ይገለጣል፤ ንጹሑም በሰው ሁሉ ፊት ንጹሕ ይባላል፤ ከዚያም ሁሉም ተሰብስቦ ይበላል። ይህን ደጋግሞ የሰማ ልጅ፣ በሕይወቱ ይህ ሲጐድል ጊዜ መጉደሉን ያውቃል። ከማወቁም የተነሣ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የምንመክረው ከባድ ነገር አይደለም። ይህን የመሰለ መጽሐፍ በእንግሊዝኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ብታገኙ ለብቻችሁ አታንብቡት፤ ወደ አማርኛ እየመለሳችሁ ለልጆቻችሁና ለሠራተኞቻችሁ ጭምር አንብቡላቸው። ገዳዩ ከመታወቁ በፊት መጽሐፉን አጥፋችሁ፣ እያንዳንዱ ማንን እንደሚጠረጥርና ስለ ምን እንደሚጠረጥር ጠይቁ። «መልኩ አላማረኝም» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። በቤታችሁም ዕቃ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ከመጮኻችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ከዚያ በኋላ እጄ ምን ነካ? የጠረጠርሁት ሰው በዚያን ሰዓት የት ነበረ?

ሳትጠይቁ ጮኻችሁ ብትገኙ ግን፣ ዕቃው በተገኘ ጊዜ ክሱን የሰሙትን ሁሉ በአንድነት ጠርታችሁ፣ የከሰሳችሁትን ሰው ስሙን ጠርታችሁ «ንጹሕ ነህ፤ ንጹሕ ነሽ» በሉት። ይህም ከተደረገ በኋላ ዳቦው ይቈረስ፤ የመጀመሪያውም ቍራሽ ለእርሱ ይሰጥ።